አስር ሺህ ሊትርና ስድስት ቅንጣት

እኔ የውሃ ሰው ነኝ። እንዲህ ስል ዋናተኛ ወይም ዓሣ አስጋሪ እንዳልመስላችሁ፤ ባቱ ሐይቅ ዳር ቆሜ እንኳ ጫማዬን አላወልቅም። የውሃ ቦቴ ነው የምነዳው። አዳማ ላይ ቧንቧው አየር ብቻ መትፋት ሲጀምር ሰው መጀመሪያ ቧንቧውን ይራገማል፣ ቀጥሎ እኔ ጋ ይደውላል። አስር ሺህ ሊትር ከኋላዬ አዝዬ በየሰፈሩ ስዞር ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። እናም ስለ ውሃ እኔን የሚያስደነግጥ ነገር የቀረ አይመስለኝም ነበር። ዘንድሮ በስድስት የውሃ ቅንጣት የተነሳ የደነገጥኩትን ያህል ግን ጎርፍ ቢወስደኝም አልደነግጥ።

ነገሩ የሚጀምረው ከታናሽ እህቴ ከሜቲ ነው። እናታችን ስታርፍ ሜቲ ገና ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ እኔ ቤት ገባች። ሰው ፊት ሳወራ «እኔ ነኝ ያሳደግኳት» እላለሁ። ባለቤቴ ጽጌ ከሰማች ደግሞ «ያሳደግኳት እኔ፣ ያወራኸው አንተ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሜቲ ዶክትሬቷን የምትሠራው እዚሁ ከተማችን ውስጥ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ምን እንደምትሠራ ሰው ሲጠይቀኝ «ውሃ ነው የምታጠናው» እያልኩ ደረቴን እነፋ ነበር። ውሃ ከተባለ ያው ወይ ጉድጓድ ነው ወይ ቧንቧ ነው ብዬ በራሴ ጊዜ ደመደምኩ። ፍራንኮ ሰፈር ውሃ ላወርድ በሄድኩ ቁጥር «አይዟችሁ፣ እህቴ ስትመረቅ ይሄ ችግር ያበቃል» እላለሁ። የገዛ እንጀራዬ እንዲቋረጥ እየተመኘሁ መሆኔን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ሰዉ ግን አምኖ መጠበቅ ጀመረ። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ጎረቤታችን ሜቲን መንገድ ላይ ባገኟት ቁጥር «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጨርሺልን?» ይሏታል። እሷም ስለ ትምህርቷ የጠየቋት እየመሰላት «ትንሽ ነው የቀረኝ አዴ» ትላቸዋለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት የዩኒቨርሲቲውም ውሃ ጠፋ። ሜቲ ደወለች። «ጋሼ፣ የማሽኔ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። ውሃ ካጣ ይቆማል። ድረስልኝ» አለችኝ። ደረስኩላት። ቱቦዬን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ጋር አገናኘሁና ውሃው ሽቅብ መውጣት ሲጀምር «እስቲ ያን ማሽንሽን አሳዪኝ» አልኳት። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።

ማሽኑ በርሜል የሚያክል ሆድ ያለው ብረት ነው። ዙሪያውን ቱቦና መስኮት በቅሎበታል፤ ግማሽ ጎኑ ዓሣ እንደሚጠቀለልበት ባለ የአሉሚኒየም ወረቀት ተሸፍኗል። አጠገቡ ያለች ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ቀስ እያለ ቁልቁል ይወርዳል።

«ስንት ሊትር ነው የምታጠኚው?» አልኳት፣ እንደ ባለሙያ።

«ሊትር አይደለም ጋሼ።»

«እሺ፣ ስንት ብርጭቆ?»

«ብርጭቆም አይደለም።»

«ጠብታ ነው?»

«ጠብታማ ለእኔ ባሕር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ነው የምሄደው። አሁን አምስት ደርሻለሁ።»

«አምስት ምን?»

«አምስት ሞለኪውል። አምስት የውሃ ቅንጣት።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአራት ዓመት።»

ቁጭ አልኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ ወንበር አልነበረም። እህቴ ከወለሉ ላይ አንስታ ሱሪዬን እያራገፈች ሳቀችብኝ። ሜቲ በእኔ መሳቅ ከልጅነቷ ጀምሮ ልማዷ ነው፤ እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። የዚያን ቀን ግን አልሳቅኩም። እኔ በአንድ ጠዋት አስር ሺህ ሊትር ሳራግፍ እሷ በአራት ዓመት አምስት ቅንጣት። አዴ ጫልቱ ይሄን ቢሰሙ ምን ይላሉ? ዝንብ እንኳ ምላሷን አታርስበትም።

«እና አምስቱን ምን ታደርጊያቸዋለሽ?»

ሜቲ ማስረዳት ትወዳለች፤ አስተማሪነት በደሟ ነው። «ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አለ እንበል» አለችኝ። «በምታውቀው ጉልበት ትገፋዋለህ። ወንበሩን ላላ አድርጎ ከያዘ ተወርውሮ ይወጣል። አጥብቆ ከያዘ ግን ጉልበትህ እሱን በማላቀቅ ያልቅና ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ሲወጣ ፍጥነቱን ከለካሁ፣ ምን ያህል አጥብቆ ይዞ እንደነበር አወቅኩ ማለት ነው።»

«የሚገፋው ማነው?»

«ብርሃን።»

«የሚወጣውስ?»

«ኤሌክትሮን።»

«ምን አጥፍቶ?»

ጥያቄዬን ዘላ ወደ ቁምነገሯ ገባች። ውሃዎቹ እስከ አምስት ድረስ ገበታ እንደከበበ ሰው ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት አለች። ስድስት ሲሆኑ ግን ክቡን ትተው አንዱ በአንዱ ላይ መደራረብ ይጀምራሉ። ውሃ ውሃ መሆን የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። የኤሌክትሮኑ አያያዝ እዚያ ላይ መለወጥ አለመለወጡን ነው የምትፈልገው። «ስድስተኛዋን ካላገኘሁ አራት ዓመት የሠራሁት መግቢያ ብቻ ነው ጋሼ። ነገ ነው የምሞክረው። የዶክትሬቱ ምርመራ የዛሬ አስር ቀን ነው፤ መርማሪዋ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ።»

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ችግሩ የእኔ ጥያቄ አያልቅም።

«ይሄ በርሜል ውስጥ አሁን ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምንም ስትይ፣ ውሃው አልገባም ማለትሽ ነው?»

«አየርም የለውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያሞቅን አየሩን ስናስወጣ ነው የከረምነው። ግድግዳው ላይ የተጣበቀው እርጥበት ካልለቀቀ ሥራዬን ያበላሽብኛል።»

«ውሃ ለማጥናት ውሃ ታባርሪያለሽ?»

«የማላውቀውን ውሃ አስወጣለሁ፣ የማውቀውን አስገባለሁ» አለችና ሮቶው መሙላቱን ልታይ ወደ ጣሪያ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳትነካ» አለችኝ። «ምን ቆርጦኝ» አልኳት።

እዚህ ላይ ታሪኬን ገታ አድርጌ ባቱ ድረስ ልውሰዳችሁ፤ ያለዚያ እብድ ነው የምትሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ባቱ አጠገብ ላለ አንድ የአበባ እርሻ ውሃ ይዤ ሄድኩ። ሰዎቹ ጉልበተኛ ፓምፕ ነበራቸው። እኔ የቦቴውን የላይ ክዳን ሳልከፍት፣ እንዲያውም በደህና ሰዓት አጥብቄ ቆልፌው፣ ከታች መሳብ ጀመሩ። ውሃው ይወጣል፣ በምትኩ የሚገባ አየር የለም። ቦቴዋ መጀመሪያ ጢቅ አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጢቅ። ሦስተኛ ጢቅ አልነበረም። ጓ ብላ ዓይኔ እያየ ሆዷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። ማንም አልነካትም፤ ሦስት እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት። ብረት እንደ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሲጨመደድ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ብረት አያምንም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ክዳን ካየሁ አላልፍም። ቤት ስገባ የድስቱን ክዳን ገለጥ፣ የጀሪካኑን ላላ፣ መስኮቱን ከፈት አደርጋለሁ። ጽጌ «ድስቱ እንዳይጨመደድብህ ነው?» እያለች ወጧን ከአቧራ በሁለት እጇ ትከላከላለች። የአዳማን ንፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በእኔ ቤት ሽሮ ያለ አሸዋ ተበልቶ አያውቅም።

አሁን እንመለስ። ብቻዬን ቆሜያለሁ። ፊቴ አየር የሌለው፣ ዙሪያው የተዘጋ፣ ፓምፕ የሚስበው ብረት አለ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ። ያን ጊዜ ብረቱ ጢቅ አለ።

ክው አልኩ። ጆሮዬ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። ደግሞ ጢቅ አለ።

ማሽኑ ሲሞቅ ከርሞ እየቀዘቀዘ ስለነበር ነው ብረቱ የሚንጣጣው፤ ይሄንን አሁን አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው ከሁለት ጢቅ በኋላ ሦስተኛ እንደሌለ ብቻ ነው። የእህቴ አራት ዓመት ዓይኔ እያየ ሊታጠፍ ነው። «ሜቲ» ብዬ ተጣራሁ፤ ጣሪያ ላይ ማን ሊሰማኝ። ጎኑ ላይ አንዲት ጥቁር እጀታ ያላት ቫልቭ አየሁ። ቫልቭ ደግሞ የትም ቢሆን ቫልቭ ነው፤ ሃያ ዓመት የከፈትኩትና የዘጋሁት ነገር ነው። ያዝኩና እስከ መጨረሻው አዞርኳት።

ፊሽሽሽ አለ። ወዲያው ከማሽኑ ሥር አንድ ነገር ሲያለቅስ ሰማሁ። ልቅሶው እየከረረ፣ እየከረረ ሄደና ውስጡ የሆነ ነገር ሲንኳኳ፣ ሲፈጭ፣ ከዚያ ጸጥ። ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትወርድ የነበረችው መስመር ቀጥ ብላ ወደ ላይ ተተኮሰች። ወደ ላይ መሄድ ጥሩ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ላቤን ጠረግሁ። በርሜሉን መታ መታ አድርጌ «ተረፍሽ እናቴ» አልኳት።

ሜቲ እየሮጠች ገባች። ፀጥታው ነው የጠራት፤ ፓምፑ ሲቆም ጣሪያ ድረስ ይሰማል አሉ። እኔ ምስጋናዬን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ።

«በሰዓቱ ነው የደረስኩልሽ» አልኳት። «ሊጨመደድ ሲል አየር አስገባሁለት።»

መጀመሪያ ቫልቩን አየች። ቀጥሎ መስመሩን። ከዚያ እኔን። በጣም ስትደነግጥ አማርኛዋ ይጠፋል። «ማል ጎቴ?» አለችኝ በቀስታ። ምን አደረግክ ማለቷ ነው።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ፊቷ ላይ ነው ያነበብኩት። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ። እሷ ግን ቫልቩን ራሷ ዘጋችና ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ፓምፑ ውስጥ በኃይል የሚሽከረከሩ ስስ ክንፎች አሉ፤ አየር በአንዴ ሲገባባቸው ረግፈዋል። መለዋወጫው እዚህ አገር የለም። በመርከብ ተጭኖ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። ምርመራው የዛሬ አስር ቀን ነው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መጡ፤ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉንም ሰምተው አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩና «መብራት ጠፍቶ ነው ብለን እንጽፋለን» አሉ። «እስካሁን መብራት ጠፋ ተብሎ፣ እንዴት ብሎ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም።» እኚህን ሰውዬ ወደድኳቸው። ሜቲ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እሺ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ቤት ስገባ ለጽጌ ነገርኳት። ከመቀመጫዋ ተነስታ ድስቶቹን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ሜቲ በእነዚያ ቀናት ትመጣለች፣ ትበላለች፣ «ደህና እደሩ» ብላ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች። አንድ ጊዜ ጫማዬን ግራና ቀኝ አዛውሬ አድርጌ ፊቷ ተመላለስኩ፤ ዱሮ ቢሆን ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። ቀና ብላም አላየችኝ።

የምርመራው ቀን ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከጽጌ ጋር አዳራሹ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። መርማሪዋ በዕድሜ የገፉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ፕሮፌሰር ናቸው። ሜቲ ስለ አንዱ፣ ስለ ሁለቱ፣ እስከ አምስቱ ድረስ ስታስረዳ እኔ በየመሀሉ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ባጃጇን እያሰብኩ ብዙው ገብቶኛል። ከዚያ ያቺ መስመር ግድግዳው ላይ በራች። ቁልቁል፣ ቁልቁል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብላ ሽቅብ።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«መብራት ነው፣ ጠፍቶ» አሉ ኃላፊው ከጎን።

ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አደረጉ። «መብራት ቢጠፋ መስመሩ ይቋረጥ ነበር። ይሄ ግን ሲወጣም እየተመዘገበ ነው። መብራት ከሌለ ማን መዘገበው?»

በሕይወቴ መብራት ባለመጥፋቱ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሜቲ «መብራት አልጠፋም ነበር» አለች። «ቫልቭ ተከፍቶ አየር ገብቶ ነው።»

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ጽጌ ኮቴን ስትይዝ ተሰምቶኛል፤ ግን ረፍዶ ነበር። «ትዋሻለች» አልኩ፣ በቦቴዬ ሞተር ላይ መጮህ በለመደው ድምፄ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። በኋላ እንደነገሩኝ የእህቱ ዶክትሬት በሚመረመርበት ቦታ ተነስቶ «ትዋሻለች» ያለ ወንድም ከእኔ በፊት አልነበረም። ምን እንዳልኩ የገባኝ ሜቲ ዓይኗን ስትጨፍን ሳይ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ ስጨርስ እህቴን ራሷን ልጨርሳት።

«እርስዎ ማን ነዎት?» አሉኝ ፕሮፌሰሯ።

«ወንድሟ ነኝ። ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን ከፈቱት?»

«እንዳይጨመደድ ብዬ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ማን ነው የሚጨመድደው?» አሉኝ። የባቱን ታሪክ ከሁለቱ ጢቅ ጋር ነገርኳቸው። «የውጭው አየር ይገፋል» አልኩ። «ከውስጥ መልሶ የሚገፋ ከሌለ ብረትም ይታጠፋል።»

«ትምህርትዎ እስከ ስንት ነው?»

«እስከ አስረኛ።»

ፕሮፌሰሯ የፊት ረድፍ ላይ ያሉትን ተማሪዎች አንድ ባንድ ተመለከቷቸው። ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ።

«እኔም አልዋሸሁም» አለች ሜቲ። «ቦቴ እንዴት እንደሚጨመደድ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ ትቼ፣ ይሄኛው ለምን እንደማይጨመደድ ሳልነግረው ነው የወጣሁት። አትንካ ብቻ ነው ያልኩት።»

«እንግዲያው አሁን ንገሪው» አሏት ፕሮፌሰሯ።

ነገረችኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። የእሷ ብረት ወፍራም ነው፣ ሆዱም ትንሽ። የእኔ ቦቴ ቆርቆሮዋ ስስ፣ ሆዷ ሰፊ። እንዲህ ቀላል ነገር ነው። አፍሬ መሬት መሬት አየሁ።

ውሳኔው እስኪመጣ ጽጌን በጥያቄ መቆሚያ አሳጣኋት። ሥራው አልወደቀም፣ አላለፈምም። ፓምፑ መጥቶ እስከ መንፈቁ መጨረሻ ስድስተኛዋ ከተለካች ዶክትሬቱ ይሰጣል፤ ካልተለካች የለም። ፕሮፌሰሯ ሲወጡ እጄን ጨብጠው «እስከዚያ ድረስ እባክዎን ውሃ ብቻ ያምጡላት» አሉኝ።

ፓምፑ ሞጆ ሲደርስ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ክንድ የምታህል ካርቶን ናት። ጋቢና ውስጥ አስቀምጬ ቀበቶ አሰርኩላትና በአሮጌው መንገድ እንደ ጋሪ እየተጎተትኩ አዳማ ገባሁ፤ ከኋላዬ የነበረው የከባድ መኪና ሰልፍ እስካሁን ይረግመኛል። ፓምፑ ሲገጠምም፣ ማሽኑ ሁለት ሳምንት ዳግም ሲሞቅም ክፍሉ ውስጥ አልገባሁም። ውሃ ባደረስኩ ቁጥር በሩ ላይ እጄን ኪሴ ከትቼ «ጢቅ ይላል?» እላታለሁ። «ይላል» ትለኛለች። «ይበል» እላለሁ። ይኸው ነበር ወሬያችን።

መንፈቁ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አስር ሺህ ሊትር ጭኜ ወደ ፍራንኮ ስሄድ ስልኬ ጠራ። ሜቲ ናት። ዳር ይዤ ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ስድስተኛዋ ተገኘች።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ከአምስቱ ትለያለች። አያያዛቸው ሌላ ነው።»

ሌላም ነገር አለች፤ አልሰማኋትም። መሪው ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። እንዲህ ያለቀስኩት እናታችን ስታርፍ ነው። አንድ ትራፊክ ፖሊስ መስኮቱን አንኳኳ።

«ምን ሆነህ ነው? አደጋ ደረሰ?»

«አልደረሰም። እህቴ ስድስት ውሃ ቆጠረች።»

ዞር ብሎ ቦቴዋን ከፊት እስከ ኋላ አያት። «ስድስት ቦቴ?»

«ስድስት ቅንጣት» አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ። «አምስቱን ከቆጠረች ቆይታለች።»

ፖሊሱ ደነገጠ። ግራ ቀኙን አየና ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ፣ ለታመመ ሰው በሚነገርበት ድምፅ «ወንድሜ» አለኝ፣ «እስቲ መስኮትህን ከፈት አድርገውና ትንሽ አየር ይግባልህ።»

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ከውስጡ ሜቲ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከቫልቩ ቀን ወዲህ በእኔ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው።